ሞንቶያ በናስካር፤ ሰባቱ ዓመታት ሲመረመሩ

በመኪና እሽቅድምድም ወዳጆች መካከል የኮሎምቢያዊው ሁዋን ፓብሎ ሞንቶያ ስም ሲነሣ ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «ፎርሙላ ዋንን ጥሎ አሜሪካ ገባ፤ እዚያም ሳይሆንለት ቀረ» ይባላል። ለፍርዱ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ቁጥር ነው። ከ2006 መጨረሻ እስከ 2013 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በናስካር ከፍተኛው እርከን 253 ጊዜ ተሰልፎ ያሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ድሎች የተገኙት ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ በሚሄዱ ጎዳናዎች ላይ ነው፤ ናስካርን ናስካር ባሰኘው በክቡ ጎዳና ላይ አንድም ጊዜ አልቀናውም።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ጥያቄው ቁጥሩ ምን ይናገራል የሚለው ነው። አንድ ሰው የተካነበትን ሙያ በሠላሳ ዓመቱ ትቶ፣ ከሩቅ ሲያዩት የሚመስለውን ግን ሌላ የሆነውን ሙያ ከመጀመሪያው ፊደል ሲጀምር፣ የሚመዘነው በየትኛው ሚዛን ነው? የሞንቶያን ሰባት ዓመታት «ውድቀት» የሚሏቸው ሰዎች አሮጌውን ሚዛን ለአዲሱ ገበያ ይዘው የሄዱ ይመስላል። «ጀብዱ» ብለው የሚያወድሷቸው ደግሞ ጨርሶ ሳይመዝኑ የቀሩ ናቸው።

እስከ 2006 ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ሞንቶያ በ1975 ቦጎታ ተወለደ። አባቱ አርክቴክት ነበሩ፤ ገና በሕፃንነቱ የጎ-ካርት መሪ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። በ1998 የፎርሙላ 3000 ሻምፒዮን ሆኖ በማግሥቱ ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገረና በቺፕ ጋናሲ ቡድን የቻምፕ ካርን ሻምፒዮንነት ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ወሰደ። ያን ዓመት እሱና ስኮትላንዳዊው ዳሪዮ ፍራንኪቲ እኩል 212 ነጥብ ይዘው ነበር የጨረሱት። ዋንጫው ለሞንቶያ የተሰጠው ሰባት ውድድር በማሸነፉ ነው፤ ፍራንኪቲ ያሸነፈው ሦስት ነበር። ይህን ደንብ አንባቢ ቢያስታውሰው ኋላ ይጠቅመዋል። በ2000 ደግሞ በኢንዲያናፖሊስ 500 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ከ200 ዙር 167ቱን እየመራ አሸነፈ።

ፎርሙላ ዋን የተቀበለው በእንዲህ ያለ ዝና ነው። በ2001 ሳኦ ፓውሎ ላይ፣ ገና በሦስተኛ ውድድሩ፣ ሚካኤል ሹማኸርን በመጀመሪያው መታጠፊያ ውስጠኛውን መስመር ቀምቶ ሲያልፈው የተመለከተ ሁሉ አዲስ ሰው መምጣቱን አወቀ። ያን ዕለት ውድድሩን እየመራ ሳለ ዙር የደረበበት ዮስ ቨርስታፐን (የዛሬው ማክስ አባት) ከኋላ ገጭቶ አስወጣው። ሞንቶያ በዊሊያምስና በማክላረን መኪኖች ሰባት ጊዜ አሸነፈ፤ ከነዚህ አንዱ የ2003ቱ ሞናኮ ነው። በ2004 ሞንዛ ላይ በሰዓት በአማካይ 262.242 ኪሎ ሜትር የዞረው ዙር ለአሥራ አራት ዓመት ሳይደፈር ቆየ። በመጨረሻ የደፈረው የቀድሞ የቡድን ጓደኛው ኪሚ ራይኮነን ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር የታላቅ ተወዳዳሪ መዝገብ ነው፤ የሻምፒዮን መዝገብ ግን አይደለም። ሞንቶያ በፎርሙላ ዋን ከሦስተኛነት አላለፈም። ምክንያቱ ከፊሉ መኪናው ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የሰውየው ትዕግሥት ማጣት ነው። ተቺዎቹ ይህን ሲናገሩ አልዋሹም።

ስለ አወጣጡ የሚነገረውም መስተካከል ያለበት ነገር አለ። ማክላረን ፈርናንዶ አሎንሶን ለ2007 ማስፈረሙን ያስታወቀው በ2005 ታኅሣሥ ወር ነው። ስለዚህ ሞንቶያ የ2006ን ዓመት የጀመረው ወንበሩ እየተነቃነቀ መሆኑን እያወቀ ነበር። በሐምሌ 2 ኢንዲያናፖሊስ ላይ፣ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በነገሠበት ቦታ፣ ገና መነሻው ላይ ከራሱ የቡድን ጓደኛ ጋር ተጋጨና ሌሎች በርካታ መኪኖችም አብረው ተተራመሱ። ከሳምንት በኋላ ወደ ናስካር እንደሚሄድ፣ ወደ ጥንቱ አሠሪው ወደ ጋናሲ እንደሚመለስ ተነገረ። ማክላረን የዓመቱን ቀሪ ውድድሮች እንኳ አላስጨረሰውም። «ጥሎ ሄደ» የሚለውም «ተባረረ» የሚለውም ግማሽ እውነት ናቸው። በሩ እየተዘጋ ነበር፤ እሱም ሳይዘጋበት በሌላ በኩል ወጣ።

የሄደበት ዓለም ምን ይመስላል? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የተሳሳተ ፍርድ የሚመነጨው ሁለቱም «መኪና መንዳት» ከመባላቸው ነው። በ2006 የነበረው የፎርሙላ ዋን መኪና አሽከርካሪውን ጨምሮ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ የተዘረጉ፣ ነፋሱን በክንፎቹ ወደ መሬት እየገፋ የሚጣበቅ፣ ማርሹ በመሪው ጀርባ በጣት የሚለወጥ ማሽን ነው። የናስካሩ መኪና ያለ አሽከርካሪው ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይከብድ ነበር። ከላይ ሲታይ የገበያ መኪና ቢመስልም ውስጡ የብረት ቱቦ አጥር ነው። ሞተሩ እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ በካርቡሬተር የሚሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነበር፤ ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ፣ በእጅ የሚገባ። የኋላ አክሰሉ እንደ ጭነት መኪና ድፍን ነበር፤ አንዱ ጎማ ሲዘል ሌላው ያውቅ ነበር። የሞተሩ ጉልበት ከፎርሙላ ዋኑ የሚያንስ አልነበረም፤ መሬቱን የሚጨብጡት ጎማዎች ግን ቀጫጭኖች ናቸው፣ ፍሬኑም ያን ሁሉ ክብደት መሸከም አለበት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የአሽከርካሪው ገላ የተማረውን መርሳት እንዳለበት ነው። የፎርሙላ ዋን ሰው ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶና አጥብቆ ነው፤ የነፋሱ ጫና ከፍተኛ በሆነበት ቅጽበት ይረግጥና ፍጥነቱ ሲወርድ ይለቃል። ይህን በናስካር መኪና ያደረገ ሰው ጎማውን ቆልፎ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በክቡ ጎዳና ላይ የሚፈለገው ነዳጁን ቀድሞ መልቀቅ፣ መኪናውን ወደ መታጠፊያው ማንከባለል፣ ከዚያም የኋላው ሳይንሸራተት ቀስ ብሎ መርገጥ ነው። ደግሞም መኪናው በውድድሩ መካከል ጠባዩን ይለውጣል። ጎዳናው ሲሞቅ፣ ጎማው ሲያልቅ፣ ነዳጁ ሲቀል አንዴ አፍንጫው አልታጠፍ ይላል፣ አንዴ ጭራው ይሸሻል። አሽከርካሪው የሚሰማውን በቃል መግለጽ፣ መካኒኩም በማረፊያው በሴኮንዶች ውስጥ ሞላውን በመፍቻ አዙሮ ማረም አለበት። በፎርሙላ ዋን ይህን የሚያየው ኮምፒዩተሩ ነው። በናስካር የሚሰማው መቀመጫው ነው። እንግዲህ ሞንቶያ የጎደለው ፍጥነት አልነበረም፤ የጎደለው ቃል ነበር። መኪናውን የሚገልጽበት ቋንቋ አልነበረውም፤ ሌሎቹ ግን ይህን ቋንቋ የተማሩት በልጅነታቸው፣ በየመንደሩ የአቧራ ክብ ላይ ነው።

ሌላው ልዩነት መነካካት ነው። ጎማው ክፍት በሆነ መኪና ሌላውን መንካት ማለት አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ አየር ላይ መብረር ሊሆን ይችላል። ናስካር ውስጥ ግን በፓራውልት ገፋ ማድረግ የሰላምታ ያህል ነው፤ አንዳንዴም የምስጋና ነው፣ የፊተኛውን እየገፉ አብሮ መፍጠን ስላለ። የመቼውን ንክኪ ይቅር እንደሚሉ፣ የመቼውን እንደሚቆጥሩት የሚናገር የተጻፈ ሕግ የለም። እንግዳው ይህን የሚማረው በመሳሳት ነው።

ሞንቶያም ተሳሳተ። በ2007 መጋቢት ወር ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በሁለተኛው እርከን በተደረገ ውድድር፣ ሊያልቅ ስምንት ዙር ሲቀር፣ ይመራ የነበረውን የራሱን የቡድን ጓደኛ ስኮት ፕሩትን ገጭቶ አሽከረከረውና አሸነፈ። ፕሩት ከአምስት ሳምንት በፊት በዴይቶና የ24 ሰዓት ውድድር አብሮት መሪ የተቀባበለና አብሮት ያሸነፈ ሰው ነው። ይህን ድል በሞንቶያ የክብር መዝገብ የሚጽፉ አሉ። መጻፍ የሚገባው በዕዳው በኩል ነው። ድሉን የወሰደው የሳኦ ፓውሎ ሞንቶያ ነው፤ አዲሱን ሙያ ሳይሆን አሮጌውን ድፍረት ይዞ የገባው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ሶኖማ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ32ኛ ቦታ ተነሣ። በጎዳናው ጠመዝማዛነት ምክንያት ይሆንለታል ተብሎ የተጠበቀበት ቦታ ነው፤ እንደተጠበቀውም አሸነፈ። አሸናፊ ያደረገው ግን ፍጥነቱ አልነበረም። ነዳጅ ሊያልቅባቸው በተቃረቡ መኪኖች መካከል የራሱን ጠብታ በጠብታ እየቆጠበ ሄዶ፣ ሰባት ዙር ሲቀር መሪውን ጄሚ መክመሪን አለፈው። መክመሪ ነዳጅ አለቀበት። ብዙ ተቺዎች ይህን ድል «የሠለጠነበት ጎዳና ነው» ብለው ያልፉታል። ጎዳናው የሠለጠነበት ይሁን፤ ቁጠባው ግን አዲስ ነበር።

ከዚህ በኋላ በ2008 ዓመቱን በ25ኛነት ጨረሰ፤ የጋናሲ ቡድንም በዚያ ጊዜ ደካማ ነበር። በ2009 ቡድኑ ከዴል ኧርንሃርት ድርጅት ጋር ተዋህዶ ከዶጅ ወደ ሸቭሮሌ ሞተር ሲዛወር ሞንቶያም ተለወጠ። ሂስ የሚገባው እዚህ ዓመት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉም ያነሰ የተወራለት ይህ ዓመት ነው። ሳምንት በሳምንት ስምንተኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ ሁለተኛ እየሆነ፣ ሳይሰብር፣ ሳይጋጭ ነጥብ ለቀመ። የቀድሞ አድናቂዎቹ አዘኑ፤ «አንበሳው ከብት ሆነ» የሚል ዓይነት ስሜት ነበር። በሳፋሪ ራሊ ታሪክ ያደገ የምሥራቅ አፍሪካ ተመልካች ግን ይህን አካሄድ ያውቀዋል። ጆጊንደር ሲንግን ሦስት ጊዜ ያነገሠው መኪናን ከጭቃና ከድንጋይ አትርፎ ማድረስ ነው። ሞንቶያ አንድም ድል ሳይዝ ለዋንጫው ከሚፋለሙት አሥራ ሁለቱ ውስጥ ገባ፤ ከገባም በኋላ በመጀመሪያዎቹ አራት ውድድሮች ከአራተኛ በታች አልወረደም። አምስተኛው ሻርሎት ላይ ነበር፤ በዚያ መኪናው ተጎድቶ ተስፋው ተቆረጠ። ዓመቱን በስምንተኛነት ጨረሰ። በአውሮፓ የእሽቅድምድም ትምህርት ቤት ተኮትኩቶ የመጣ ሰው ከዚያ በፊት በዚህ ስፍራ እንዲህ ያለ ነገር አላደረገም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ግን ስለ ሞንቶያ የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ ሊዘለው የማይችለው ነገር ደረሰ። ቦታው ኢንዲያናፖሊስ ነው። በዚህ ጎዳና ኢንዲያናፖሊስ 500ን አሸንፏል፤ በፎርሙላ ዋን መኪና ተሽቀዳድሟል፤ አሁን ደግሞ በብሪክያርድ 400 በናስካር መኪና ከ160 ዙር 116ቱን መራ። ማንም ሊደርስበት አልቻለም። 35 ዙር ሲቀር ለመጨረሻ ጊዜ ለጎማና ለነዳጅ ወደ ማረፊያው ገባ። በማረፊያው መተላለፊያ ከሰዓት 55 ማይል በላይ መሄድ ክልክል ነው፤ አምስት ማይል ያህል ይቅርታ አለ። ሞንቶያ ከይቅርታው ልክ በላይ የሄደው በአንድ ማይል ስባሪ ብቻ ነው ተባለና ተቀጣ። የናስካር መኪና የፍጥነት መለኪያ የለውም። አሽከርካሪው የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን መርፌ አይቶ ነው የሚገምተው። ሞንቶያ በሬዲዮ በልጆቹና በሚስቱ ስም እየማለ አልሮጥኩም አለ። አሥራ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ያሸነፈው ጂሚ ጆንሰን ነው።

ተንኮል ነው ብለው የጻፉ አሉ፤ ማስረጃ የለም። መሣሪያው ለሁሉም አንድ ነው፤ ያን ዕለት የያዘውም እሱን ብቻ ነው። የሚያስቆጨው ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ አምስት ሴኮንድ ያህል ርቆ ነበር፤ በማረፊያው ቀስ ቢል የሚያጣው የሴኮንድ ቁራጭ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቁጠባ ሲማር የከረመ ሰው፣ ቁጠባው ከምንም ጊዜ በላይ በሚያስፈልግበት በአንዲት መስመር ላይ፣ ትንሽ ተረፈው። በ2010 እንደገና በዚያው ቦታ 86 ዙር መራ፤ በመጨረሻው ማረፊያ አራት ጎማ ሲያስቀይር ሌሎቹ ሁለት ብቻ ለውጠው ቀደሙት፤ ወደ ፊት ለመመለስ ሲታገል ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ያሸነፈው የቡድን ጓደኛው መክመሪ ነበር። ዋትኪንስ ግለን ላይ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ድል ቢያገኝም፣ ክቡ ጎዳና ከዚህ የበለጠ አልቀረበለትም።

ከ2011 በኋላ ያለውን ማስተባበል አያስፈልግም። 21ኛ፣ 22ኛ፣ 21ኛ። የመካኒኮች አለቃ ተለወጠ፤ ቡድኑ ወደ ኋላ ቀረ፤ እሱም አብሮ ቀረ። የሚያሳዝነው ግን ዓለም ከነዚህ ሰባት ዓመታት ለማስታወስ የመረጠው ምስል ነው። በ2012 የዴይቶና 500 በዝናብ ምክንያት ወደ ሰኞ ማታ ተዛውሮ ሲካሄድ፣ ሁሉም በቢጫ ባንዲራ ቀስ ብለው በሚዞሩበት ሰዓት የሞንቶያ መኪና ከኋላ በኩል አንድ ነገር ተሰበረባት፤ ተንሸራትታም ጎዳናውን በጄት ሞተር የሚያደርቀውን መኪና መታች። የአውሮፕላን ነዳጅ ጎዳናው ላይ ፈስሶ ነደደ። ሁለቱም ሰዎች ተረፉ። ውድድሩ ለሁለት ሰዓት ያህል ተቋርጦ ጎዳናው በታይድ ሳሙና ታጠበ። በዚህ መሳቅ ይቻላል። ነገር ግን ብልሽትን የችሎታ ማስረጃ አድርጎ በየጊዜው ማሳየት የተቺ ሥራ አይደለም።

ሌሎች ይህን መንገድ የሄዱት እንዴት ሆኑ? ፍራንኪቲ የ2007ን የኢንዲካር ዋንጫና ኢንዲያናፖሊስ 500ን ይዞ በ2008 ናስካር ገባ፤ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፣ ቡድኑም በዓመቱ አጋማሽ ስፖንሰር አጥቶ ተዘጋ። ተመልሶ ኢንዲካርን በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ሦስት ጊዜ የኢንዲካር ሻምፒዮን የነበረው ሳም ሆርኒሽም በከፍተኛው እርከን አንድም ድል አላገኘም። በተቃራኒው ቶኒ ስቱዋርት በ1997 የኢንዲ ሻምፒዮን ሆኖ በ1999 ናስካር ሲገባ በመጀመሪያ ዓመቱ ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ ኋላም ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ልዩነቱ ስቱዋርት ያደገው በኢንዲያና የአፈር ክብ ጎዳናዎች፣ ጭራቸው በሚንሸራተት አጫጭር መኪኖች መሆኑ ነው። «ጎማው ክፍት የሆነ መኪና» የሚለው ስም ሁለት የማይገናኙ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያጎራል። የሞንቶያ መዝገብ ከስቱዋርት ጋር ከተነጻጸረ ትንሽ ነው፤ ከፍራንኪቲና ከሆርኒሽ ጋር ከተነጻጸረ ግን ከማንም ይበልጣል። ማሪዮ አንድሬቲን ሁሉም ይጠቅሳል፤ በ1967 ዴይቶና 500ን፣ በ1969 ኢንዲያናፖሊስን፣ በ1978 የፎርሙላ ዋንን ዋንጫ ወስዷል። እሱ ግን ናስካርን የጎበኘው እንጂ የኖረበት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በቁጥር የማይገኝ አለ። ናስካር የተወለደው በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ነው፤ ከቀደምቶቹ ጀግኖቹ አንዳንዶቹ በሌሊት ሕገ ወጥ አረቄ እየጫኑ ከፖሊስ የሚያመልጡ ሰዎች ነበሩ፤ ላዩ ተራ፣ ሞተሩ ግን የተቀጠቀጠ መኪና የመጣው ከዚያ ነው። ይህ ቤት ለእንግዳ ጠባብ ነበር። ጥቁሩ ዌንደል ስኮት በታኅሣሥ 1963 ጃክሰንቪል ላይ ሲያሸንፍ የዕለቱ ክብር ለሌላ ተሰጠ፤ ስሕተቱ የታረመው ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ ነው። ቤተሰቡ የሚገባውን ዋንጫ ከናስካር እጅ የተቀበለው በ2021፣ እሱ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ሞንቶያ የገባው በዚህ ቤት ነው፤ በስፓኒሽ አነጋገር፣ በአውሮፓ ዝና፣ ይቅርታ በማይጠይቅ ምላስ። ከውጭ አገር ተወልደው በዚያ ከፍተኛ እርከን ካሸነፉት ከአንድሬቲና ከካናዳዊው ኧርል ሮስ ቀጥሎ ሦስተኛው ሆነ። በ2022 ሜክሲኮአዊው ዳንኤል ሱዋሬዝ ሶኖማ ላይ የመጀመሪያ ድሉን ሲያገኝ በሩን ሞንቶያ ከፈተለት ማለት ማጋነን ይሆናል። በሩ ሊከፈት እንደሚችል ግን ቀድሞ በዚያው ጎዳና ታይቷል።

ሰባቱ ዓመታት ምን እንዳስተማሩት የሚታየው ከወጣ በኋላ ነው። በ2014 በፔንስኪ ቡድን ወደ ኢንዲካር ተመለሰ። በ2015 ኢንዲያናፖሊስ 500 ገና በመጀመሪያ ላይ ከኋላው ተገጭቶ እስከ 30ኛ ወረደ። የ2000ው ሞንቶያ ቢሆን በአሥር ዙር ውስጥ ለመመለስ ሞክሮ ግድግዳ ላይ ይገኝ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። የ2015ቱ ግን ሦስት ሰዓት ያህል በማረፊያ ለማረፊያ መኪናውን እያሳረመ፣ አንድ አንድ ቦታ እየወሰደ መጣና ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ዊል ፓወርን አልፎ አሸነፈ። ከመጀመሪያው ድል አሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን በሁለት ድሎች መካከል ያሳለፈ ሌላ አሸናፊ ያ ውድድር አላየም።

ያን ዓመት ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ የነጥቡን ሰንጠረዥ ሲመራ ቆየ። የመጨረሻው ውድድር የተደረገው ሶኖማ ላይ ነበር። እዚያ ከፓወር ጋር ተነካኩ፤ ሞንቶያ ወደ ኋላ ቀረ፤ ስኮት ዲክሰን አሸነፈ። ነጥቡ ሲደመር ሁለቱም 556 ሆኑ። ዲክሰን በዓመቱ ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ ሞንቶያ ሁለት። ዋንጫው በ1999ኙ ደንብ ለዲክሰን ተሰጠ።